ምድጃው ሳይጠፋ፦ የብራዶኩ ብረት ፋብሪካ 150 ዓመታት

ከፒትስበርግ መሐል ከተማ ወጥቶ የሞኖንጋሂላን ወንዝ ሽቅብ የሚከተል መንገደኛ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ከግራም ከቀኝም እሳትና ጭስ አይለየውም ነበር። ሆምስቴድ፣ ራንኪን፣ ብራዶክ፣ ዱኬን፣ ማኪስፖርት፣ ክሌርተን፤ ወንዙ ዳር የተኮለኮሉት ትንንሽ ከተሞች ሁሉ የየራሳቸው ምድጃና የየራሳቸው የፈረቃ ሰዓት ነበራቸው። ዛሬ የሆምስቴድ ፋብሪካ ቦታ የገበያ ማዕከል ሆኗል፤ ለምልክት የቀሩት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ የተሰለፉ ዐሥራ ሁለት የጡብ ጭስ ማውጫዎች ናቸው። የራንኪን ምድጃዎች አስጎብኚ ይዘው የሚያዩዋቸው ቅርስ ናቸው። የዱኬን ምድጃዎች ፈርሰዋል። በሸለቆው ውስጥ ከማዕድን ተነሥቶ አረብ ብረት የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ብቻ ቀርቷል።

ስሙ ኤድጋር ቶምሰን ይባላል። የቆመው በብራዶክና በሰሜን ብራዶክ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤቶች ጋር አጥር ለአጥር ተጋጥሞ ነው። የመጀመሪያውን አረብ ብረት ያፈሰሰው በኦገስት 1875 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ከሥር መሠረቱ ተቀያይሯል፤ ባለቤቶቹም ተለዋውጠዋል፤ በ2025 ደግሞ በጃፓን ኩባንያ እጅ ገብቷል። ምድጃው ግን እስከ ዛሬ ይነድዳል። ያልቆየችው ከተማዋ ናት። በ1920 የብራዶክ ሕዝብ 20,879 ነበር፤ በ2020 ሲቆጠር 1,721 ሰው ተገኘ።

ስለ ብረት ከተሞች የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ሥራ ጠፋ፣ ሰው ተበተነ። ብራዶክ ለዚህ ትረካ አትመችም። ፋብሪካዋ ዛሬም በዓመት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ አረብ ብረት የማምረት አቅም አለው። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ፋብሪካው እየሠራ ከተማዋ እንዴት ባዶ ቀረች? ብዙዎች መልሱን በ1980ዎቹ ቀውስ ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ ከመሠረት ድንጋዩ ዘመን መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ፋብሪካውን ለ150 ዓመት ያኖረውና ከተማዋን ያራቆታት ያው አንድ ልማድ ነው፤ እያንዳንዱን ቶን ከትናንቱ ባነሰ ወጪና ባነሰ እጅ የመሥራት ልማድ።

ቦታው ብረት ሳይመጣበትም ስም ነበረው። ጁላይ 9 ቀን 1755 የእንግሊዙ ጄኔራል ኤድዋርድ ብራዶክ ፈረንሳዮችን ዛሬ ፒትስበርግ ካለችበት ምሽግ ሊያስለቅቅ ሲገሰግስ፣ ፈረንሳዮቹና አጋሮቻቸው የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝቦች እዚህ ወንዝ ዳር ገጠሙት። ጦሩ ተፈታ፤ ጄኔራሉም ቆስሎ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ሁለት ፈረስ ተገድሎበት፣ ካፖርቱ በጥይት ተበሳስቶ ከተረፉት መካከል የ23 ዓመቱ ጆርጅ ዋሽንግተን ይገኝበታል። ሜዳው የተሸናፊውን ስም ይዞ ቀረ፤ ቀጥሎም ከተማዋ ወረሰችው።

አንድሩ ካርኔጊ ሜዳውን የመረጠው ለታሪኩ ብሎ አልነበረም። ካርኔጊ በ1835 በስኮትላንድ፣ በደንፈርምሊን ከተማ፣ ከሸማኔ አባት የተወለደ ሰው ነው። የእንፋሎት መሸመኛ መጥቶ የአባቱን ሙያ ዋጋ ሲያሳጣው ቤተሰቡ በ1848 ወደ ፒትስበርግ አካባቢ ተሰደደ። ልጁ በጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም እየተከፈለው ጀመረ፤ ከዚያ ቴሌግራፍ፣ ከዚያም የፔንስልቬኒያ የባቡር ኩባንያ። ማሽን የሰውን እንጀራ እንዴት እንደሚነጥቅ በአባቱ ቤት ያየ ልጅ፣ አድጎ ማሽኑን የሚያዝዘው ሰው ሆነ። በባቡር ኩባንያው ውስጥ የተማረው ትልቁ ትምህርት ስለ ባቡር አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጉዞ፣ እያንዳንዱ ማይል ስንት እንደፈጀ መዝግቦ የማወቅ ጥበብ ነበር። በዚያ ዘመን ብረት አቅላጮች ትርፋቸውን የሚያውቁት ዓመቱ አልቆ ሒሳብ ሲዘጋ ነው። ካርኔጊ በየሂደቱ ያለውን ወጪ በየጊዜው እያስቆጠረ አለቆቹን እርስ በርስ ያወዳድር ነበር።

በ1872 እንግሊዝ ሄዶ የሄንሪ ቤሴመርን አሠራር ካየ በኋላ ልቡ ቆረጠ። የቤሴመር ዘዴ ሲገለጽ ቀላል ይመስላል፤ ቀልጦ በትልቅ ገንቦ መሰል ዕቃ ውስጥ የተሞላውን ጥሬ ብረት ከሥሩ አየር ይነፉበታል። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በብረቱ ውስጥ የተደባለቀውን ካርቦንና ሲሊከን ያቃጥለዋል። ብረቱ በራሱ እየነደደ ይጠራል እንጂ ተጨማሪ ነዳጅ አይፈልግም። ቀድሞ የሰለጠነ አንጥረኛ በምድጃ ፊት ቆሞ በብረት ዘንግ ለሰዓታት እያማሰለ የሚያወጣው ጥቂት ብረት ነበር፤ አሁን በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ቶን ተገኘ። ልብ በሉ፤ ገና ከመነሻው ቴክኖሎጂው የተካው የአንድን ባለሙያ እጅ ነው።

ቦታውን ሲመርጡ ወንዙ ለጭነት፣ ከሰሉ ለቅርበት ታየ። ከሁሉ የበለጠው ግን ከአንድ በላይ የባቡር ኩባንያ የሚደርስበት መሆኑ ነው። ካርኔጊ ፋብሪካውን በፔንስልቬኒያ ባቡር ፕሬዝዳንት በጄ. ኤድጋር ቶምሰን ስም ሰየመው፤ የሃዲድ ትልቁ ገዢ እሱ ነውና። መሬቱን ግን የገዛው የቶምሰን ኩባንያ ብቻውን የማጓጓዣ ዋጋ ሊጭንበት በማይችልበት ሥፍራ ነው። በሙገሳ ውስጥ የተሸሸገ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከሁሉም የበለጠ ሰውዬውን ይገልጸዋል።

ግንባታው በ1873 ተጀመረ። በዚያው ዓመት መኸር ላይ የኒው ዮርክ ባንኮች ወድቀው አገሩ በገንዘብ ቀውስ ተመታ። ለሌላው ባለሀብት መርዶ የሆነው ነገር ለካርኔጊ ሠርግ ሆነለት፤ የሠራተኛም የዕቃም ዋጋ ወርዶ ስለነበር በርካሽ ገነባ። ንድፉን ያወጣው አሌክሳንደር ሆሊ በአሜሪካ የነበሩትን አብዛኞቹን የቤሴመር ፋብሪካዎች የነደፈ መሐንዲስ ነው። ብራዶክ ላይ ባዶ መሬት ስላገኘ ያሻውን ማድረግ ቻለ። መጀመሪያ ሃዲዶቹን ዘረጋ፤ ሕንፃዎቹን በሃዲዶቹ ልክ አቆመ። ጥሬ ዕቃው በአንድ በኩል ገብቶ ሳይንገላታ፣ ሳይመለስ፣ በሌላው በኩል ሃዲድ ሆኖ እንዲወጣ። ኦገስት 22 ቀን 1875 የመጀመሪያው አረብ ብረት ፈሰሰ። የመጀመሪያው ትእዛዝም 2,000 ሃዲድ ለፔንስልቬኒያ ባቡር ነበር።

የፋብሪካው ነፍስ ግን ካርኔጊ አልነበረም፤ ካርኔጊ አብዛኛውን ጊዜ ኒው ዮርክ ወይም ስኮትላንድ ነው የሚኖረው። ነፍሱ ዊልያም ጆንስ ነበር፤ ሁሉም «ካፒቴን ቢል» ይለዋል። ካፒቴንነቱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ የመጣ ነው፤ በሰሜኑ ጦር ተሰልፎ ተዋግቷል። (የዚያ ጦርነት መኮንኖች በዚያው ሰሞን ወዴት ወዴት እንደተበተኑ ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ጆንስ ብራዶክ ላይ ሃዲድ ሲያስወጣ፣ የደቡቡ ጦር ጄኔራል የነበረው ዊልያም ሎሪንግ በ1876 ከግብፅ ጦር ጋር ሆኖ ጉራዕ ላይ የዐፄ ዮሐንስን ሠራዊት ገጥሞ ድል ተነሥቷል።) ጆንስ ከጆንስታውን የመጣ፣ በብረት ቤት ውስጥ ያደገ፣ ሲናደድ የሚሳደብ፣ ሲደሰት ሠራተኞቹን ቤዝቦል ለማየት ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ሠራተኛ ሲቀጥር ጀርመኑን፣ አይሪሹን፣ ስዊድኑንና የገጠሩን አሜሪካዊ ማደባለቅ ይወድ ነበር፤ በአንድ ቋንቋ የሚያድሙ ሰዎች እንዳይበዙበትም ይሆናል። ካርኔጊ እንደሚተርከው የባለቤትነት ድርሻ ሲቀርብለት፣ ከሠራተኞቹ ጋር ያለው መግባባት እንዳይበላሽ ብሎ እምቢ አለና በምትኩ የማይናቅ ደመወዝ ጠየቀ። በዓመት 25,000 ዶላር ተቆረጠለት።

ጆንስ ሁለት ነገር አምጥቷል። አንደኛው መሣሪያ ነው፤ ከተለያዩ ምድጃዎች የወጣውን የቀለጠ ብረት እያጠራቀመና እያደባለቀ እንደ ሞቀ ለኮንቨርተሩ፣ ማለትም ለቤሴመሩ ገንቦ መሰል ዕቃ፣ የሚያቀብል ትልቅ ማጠራቀሚያ። ከዚያ በፊት ብረቱ ቀዝቅዞ እንደገና መቅለጥ ነበረበት፤ አሁን ያ ወጪም፣ ያንን የሚሠሩ እጆችም ቀሩ። ሁለተኛው ግን ለሰው ያሰበበት ነበር፤ የስምንት ሰዓት ፈረቃ። በዚያን ዘመን የብረት ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት ነው የሚቆመው። ጆንስ በእሳት ፊት ለ12 ሰዓት የቆመ ሰው በመጨረሻዎቹ ሰዓታት እንደማይጠቅም በሒሳብ አሳይቶ ካርኔጊን አሳመነ። ለዓመታትም ኤድጋር ቶምሰን በስምንት ሰዓት ሠርቶ ተፎካካሪዎቹን በምርት በለጠ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ሌላ መንገድ የነበረው እዚህ ነውና። ተፎካካሪዎቹ ስምንት ሰዓቱን አልተከተሉም። በ1888 ካርኔጊ ወደ 12 ሰዓት እንመለስ፣ ደመወዝም ከሃዲድ ዋጋ ጋር ይውጣ ይውረድ አለ። ሠራተኞቹ እምቢ ሲሉ ፋብሪካው ወራት ተዘግቶ ቆየ። በስተመጨረሻ ፒንከርተን የተባለ የግል ጥበቃ ድርጅት የታጠቁ ዘበኞች ቆመው፣ ሠራተኞቹ ያለ ማኅበር እየፈረሙ ገቡ። ስምንት ሰዓት ወደ ብራዶክ የተመለሰው በ1923 ነው። እስከዚያ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሲቀያየር ሠራተኛው 24 ሰዓት ሙሉ አንድ ላይ ይሠራ ነበር።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1889፣ ካርኔጊ ብራዶክ ላይ ቤተ መጻሕፍት መረቀ፤ በአሜሪካ ካሠራቸው በሺህ ከሚቆጠሩት ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። ከታች መታጠቢያ ነበረው፤ ከፈረቃ የወጣ ሠራተኛ ጥላሸቱን አጥቦ ወደ መጻሕፍቱ እንዲወጣ። ቆይቶም የሙዚቃ አዳራሽና የመዋኛ ገንዳ ተጨመረለት። ሕንፃው ያማረ ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አይደለም። ነገር ግን 12 ሰዓት የቆመ ሰው መቼ ነው የሚያነብበው? ጥያቄው ያኔም ሳይነሣ አልቀረም። ጆንስ ራሱ ያንን ዓመት አልጨረሰም። በሴፕቴምበር 1889 አንድ ምድጃ ፈንድቶ የቀለጠ ብረት ከሠራተኞቹ ጋር እሱንም አቃጠለው፤ በቀናት ውስጥ ሞተ። ቦታውን የያዘው ከዐሥር ዓመት በፊት በቀን 1 ዶላር እየተከፈለው በቀያሽ ረዳትነት የገባው ቻርልስ ሽዋብ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዐሥር ዓመት የታሪክ መጻሕፍት የሚያውቁት በሆምስቴድ ነው። በጁላይ 1892 በካርኔጊ አጋር በሄንሪ ፍሪክ ትእዛዝ በጀልባ የመጡት 300 የፒንከርተን ሰዎች ከአድመኞች ጋር ተታኮሱ፤ ከሁለቱም ወገን ሰው አለቀ፤ የክፍለ ግዛቱ ጦር ገባ፤ ማኅበሩ ተሰበረ። ብራዶክ በዚህ ታሪክ ውስጥ በስም እምብዛም አትነሣም። ግን ሚናዋ ትልቅ ነበር። በ1888 ማኅበሩ ስለተሰበረ በ1892 ኤድጋር ቶምሰን ሥራውን ቀጠለ፤ ከወንዙ ማዶ ወንድሞቹ ሲታገሉ የድርጅቱ ገቢ አልተቋረጠም። ይህን የምለው የብራዶክን ሠራተኞች ለመውቀስ አይደለም። አራት ዓመት ቀድሞ የጠፋ ፍልሚያ ሌላውን እንዴት እንደሚወስን ለማሳየት ነው።

የሃዲድ ዋጋ በእርግጥ ወረደ። በ1867 አንድ ቶን የአረብ ብረት ሃዲድ ከ160 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ1898 ወደ 18 ዶላር ገደማ ወርዷል። የአሜሪካ ምዕራብ በሃዲድ የተያያዘው በዚህ ርካሽ ብረት ነው። በ1901 ካርኔጊ ድርጅቱን በ480 ሚሊዮን ዶላር ለጄ. ፒ. ሞርጋን ሸጠ፤ ከዚያም በዓለም የመጀመሪያው የቢሊዮን ዶላር ኩባንያ፣ ዩ.ኤስ. ስቲል፣ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዝዳንቱም ያ በቀን 1 ዶላር የጀመረው ሽዋብ ነው። እንዲህ ያለው መሰላል በእርግጥ ነበረ፤ ችግሩ የሚወጡበት ሰዎች ጥቂት መሆናቸው ነው።

ምድጃው ሥር የቆሙት ብዙዎቹ በዚያን ጊዜ ስሎቫኮች፣ ክሮአቶች፣ ሀንጋሪዎችና ፖሎች ነበሩ። ከኦስትሮ-ሀንጋሪ ገጠር ጥቂት ዓመት ሠርተው መሬት ሊገዙ የመጡ፣ አብዛኞቹም ሳይመለሱ የቀሩ ሰዎች ናቸው። አንድ አልጋ የቀኑ ፈረቃ ሲወጣ የሌሊቱ ፈረቃ ይተኛበታል፤ የቤቱ እመቤት የስንት ወንድ ልብስ ታጥባለች፣ ለስንት ወንድ ትቀቅላለች። የዚህን ኑሮ ሦስት ትውልድ ቶማስ ቤል፣ እሱ ራሱ የብራዶክ ልጅ፣ በ1941 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ አስፍሮታል። በሥራ ላይ የሚደርሰውን አደጋ መጠን ደግሞ አጥኚዋ ክሪስታል ኢስትማን ቆጠረችው። ከ1906 አጋማሽ እስከ 1907 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ብራዶክ በምትገኝበት በአሌጌኒ አውራጃ ብቻ 526 ሰዎች በሥራ ላይ ሞተዋል። ከእነዚህ 195ቱ የአረብ ብረት ሠራተኞች ነበሩ። ጥናቷ የአሜሪካን የሥራ አደጋ ካሳ ሕግ ለመለወጥ ከረዱት አንዱ ነው።

በ1919 ታላቁ የብረት አድማ ሲነሣ የብራዶክ ስሎቫኮች ካህን አባ አዳልበርት ካዚንሲ ቤተ ክርስቲያናቸውን ለአድመኞች ከፈቱ። የፔንስልቬኒያ ፈረሰኛ ፖሊስ ሰልፈኛውን እየረገጠ በተነ። አድማው ከሸፈ። በአንደኛው ዓለም ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከደቡብ የመጡት ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በጣም የሚያቃጥለውንና በጣም የሚያቆሽሸውን ሥራ ያዙ። የአገልግሎት ዘመን በየክፍሉ ስለሚቆጠር ከዚያ ወደ ተሻለው ክፍል ቢዛወሩ ከዜሮ ይጀምራሉ። ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ስምምነት የፈረሰው በ1974 ነው። ማለትም ጥቁሩ ሠራተኛ በሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተለት ቤቱ ሊፈርስ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው።

ማኅበሩ ራሱ እውቅና ያገኘው በማርች 1937 ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ደም የፈሰሰበት ጉዳይ ያለ አድማ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት ሽማግሌዎች ዛሬም የሚያወሩት ዘመን ነው፦ ቋሚ ሥራ፣ ጡረታ፣ የራስ ቤት፣ ብራዶክ አቬኑ ላይ ቅዳሜ ማታ መተላለፊያ እስኪጠፋ የሚገበያይ ሰው። ከሁለተኛው ዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ የዓለምን ግማሽ ያህል አረብ ብረት ታመርት ነበር። ይህን ዘመን መናቅ አይገባም፤ ግን የብራዶክ ሕዝብ ቁጥር በዚያን ጊዜም እየቀነሰ ነበር። ደመወዝ ያገኘ ሠራተኛ መኪና ገዛ፤ መኪና ያለው ሠራተኛ ከጭሱ ራቅ ብሎ ቤት ሠራ። ጥሩ ደመወዝ እንኳ ሰውን ከፋብሪካው ከተማ አወጣው።

በ1959 ግማሽ ሚሊዮን የብረት ሠራተኞች ለ116 ቀናት ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ የገባው አረብ ብረት ከወጣው በለጠ። ኦስትሪያ ሊንዝ ላይ ከ1952 ጀምሮ ንጹሕ ኦክስጅን እየነፉ በአርባ ደቂቃ ገደማ አረብ ብረት የሚያወጡበት አዲስ አሠራር ተጀምሮ ነበር። ጃፓኖች ፈጥነው ያዙት። በሞኖንጋሂላ ዳር ግን ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሰዓታት የሚፈጀውን የቆየ ምድጃ ይዘው ቀሩ። ኤድጋር ቶምሰን ወደ ኦክስጅኑ የተሸጋገረው በ1972 ነው።

ከሌላ አቅጣጫ ደግሞ ሚኒሚል የሚባሉት መጡ። እነዚህ ማዕድን አያውቁም፤ ውዳቂ ብረት ሰብስበው በኤሌክትሪክ ያቀልጣሉ። የእኛም አገር አንባቢ ከዚህ ዓይነቱ ጋር ነው ይበልጥ የሚተዋወቀው። «ቁራሌው!» እያለ ሠፈር ለሠፈር የሚዞረው ሰው የሰበሰበው ቆርቆሮና ብረት መጨረሻው ምድጃ ገብቶ ፌሮ ሆኖ መውጣት ነው። ኤድጋር ቶምሰን ግን የሚነሣው ከሥሩ ነው። ከሚኒሶታ ማዕድን፣ ከክሌርተን ደግሞ ኮክ ይመጣል፤ ኮክ ማለት ጋዙና ቅጥራኑ በሙቀት የወጣለት የድንጋይ ከሰል ነው። ሁለቱ በምድጃው ውስጥ ተገናኝተው ጥሬ ብረት ይወርዳል፤ ቀጥሎ በኦክስጅን ይጠራል። ውድ፣ ግዙፍና የማይቆም አሠራር ነው። ምድጃውን ዛሬ አጥፍቶ ነገ ማቀጣጠል የለም።

የ1980ዎቹን ውድቀት ብዙ ስለተጻፈበት አላረዝመውም። በ1982 ዩ.ኤስ. ስቲል ማራቶን የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ በ6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ ሠራተኛው ገንዘቡ ለምን ወደ ምድጃዎቹ እንዳልመጣ ጠየቀ። ራንኪን ቆመ። በ1984 ዱኬን፣ በ1986 ሆምስቴድ ተዘጉ። ከሁሉ የሚያንገበግበው የዱኬን ነው። እዚያ ዶሮቲ ሲክስ የሚሏት በ1963 የተሠራች፣ ለዘመኗ ግዙፍ የሆነች ምድጃ ነበረች። ሠራተኞቹ እንዳትፈርስ ታገሉ፤ በክረምቱ ቧንቧዎቿ በበረዶ እንዳይፈነዱ በነፃ ገብተው ጠበቋት፤ ገዢ ፈለጉ፤ የሸለቆው ከተሞች የጋራ ባለሥልጣን አቋቋሙ። በ1988 ፈረሰች።

ስለዚህ ኤድጋር ቶምሰን የተረፈው «ስለ ዘመነ» ነው የሚለው ቀላል መልስ አያሳምነኝም። ዱኬንም ኦክስጅን ነበረው፤ ምድጃውም የተሻለ ነበር። የኩባንያው ስሌት ሌላ ነው። ወንዙ ዳር ሁለት ነገር ሊቀጥል ወስኗል፤ የክሌርተን የኮክ ፋብሪካና በ1938 የተከፈተው የአይርቪን መዳመጫ። በሁለቱ መካከል ለአይርቪን የሚበቃ ብረት የሚያቀርብ አንድ ማቅለጫ ይበቃል። አንድ እንጂ ሁለት አያስፈልግም። ዕጣው ለብራዶክ ወጣ። በ1992 የቀለጠውን አረብ ብረት ሳያቋርጥ ወደ ወፍራም ጥፍጥፍ የሚለውጠው ማሽን ተተከለና የፋብሪካው ቦታ ጸና። ጥፍጥፎቹ በባቡር ወደ አይርቪን ሄደው ተዳምጠው ቀጭን ጥቅል ይሆናሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አንድ ቶን አረብ ብረት ለማውጣት የአንድ ሰው 10 ሰዓት ያህል ሥራ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ከ2 ሰዓት በታች ነው። ሆሊ በ1873 ሃዲዶቹን ሲዘረጋ የጀመረው መስመር መድረሻው ይህ ነው። ብራዶክ ላይ ብረት ለመሥራት ሃያ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመኪና ማቆሚያ ነው። የዛሬው ሠራተኛ ከሌላ ቦታ ነድቶ ይመጣል፣ ፈረቃውን ይጨርሳል፣ ነድቶ ይሄዳል።

ቀሪው ታሪክ በከተማዋ የቀሩት ሰዎች ነው። የቀሩት ደግሞ አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ ከከተማ ውጪ ቤት መግዛት ለነጩ ሠራተኛ ሲፈቀድ ለእነሱ ተከልክሎ ቆይቷል። የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት በ1974 ተዘግቶ ሊፈርስ ሲል በጥቂት የአገሩ ሰዎች ተጋድሎ ተረፈ፤ በ1980ዎቹም እንደገና በሩ ተከፈተ። ሆስፒታሉ ግን አልተረፈም፤ በጃንዋሪ 2010 ተዘጋ። ብራዶክ ውስጥ ተወልዳ ያደገችው ፎቶ አንሺ ላቶያ ሩቢ ፍሬዚየር አያቷን፣ እናቷንና ራሷን ከዚህ መልክዓ ምድር ጋር በጥቁርና ነጭ ፎቶ እያነሣች በ2014 መጽሐፍ አድርጋ አወጣችው። ከሥራዋ የሚገባን ፋብሪካው ለነዋሪው ደመወዝ መስጠቱን ሲያቆምም ጭሱን መስጠት አለማቆሙ ነው። በ2022 ኩባንያው በኤድጋር ቶምሰን የአየር ብክለት ምክንያት ከፌዴራሉና ከአውራጃው ተቆጣጣሪዎች ጋር 1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ።

በ2019 ዩ.ኤስ. ስቲል ለሞኖንጋሂላ ሸለቆ ፋብሪካዎቹ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አዲስ ግንባታ አስታወቀ፤ ማእከሉ ኤድጋር ቶምሰን ነበር። በ2021 ሐሳቡን ተወው። በዲሴምበር 2023 የጃፓኑ ኒፖን ስቲል በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኩባንያውን እገዛለሁ አለ። የሠራተኞቹ ማኅበር ብሔራዊ አመራር ተቃወመ። ባይደን በጃንዋሪ 2025 ሽያጩን ከለከሉ፤ ትራምፕ በጁን 2025 ፈቀዱ። ለመንግሥት ልዩ የመወሰን ሥልጣን የሚሰጥ «የወርቅ ድርሻ» ተጨመረበት፤ ኒፖንም እስከ 2028 ድረስ 11 ቢሊዮን ዶላር በአሜሪካ ለማፍሰስ ቃል ገባ። ሽያጩ ከተጠናቀቀ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 11 ቀን፣ ክሌርተን ላይ የኮክ ምድጃዎቹ ፈንድተው ሁለት ሠራተኞች ሞቱ።

በዚያ ሙግት ውስጥ ትኩረቴን የሳበው ዋሽንግተን አልነበረም። ማኅበሩ ከላይ ሲቃወም፣ ከሸለቆው ከንቲባዎችና ከፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ብዙዎች በአደባባይ ወጥተው ሽያጩ ይፈቀድ አሉ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ በ2024 ሽያጩ ካልተሳካ ምድጃዎቹ ሊዘጉ እንደሚችሉ ተናግሮ ነበርና፤ ዶሮቲ ሲክስ ስትፈርስ ያዩ ሰዎች ይህ ባዶ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ሠራተኛው ፋብሪካውን በራሱ ውል ሊያስገዛው ይከራከር ነበር። አሁን የሚለምነው እንዲቆይለት ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ቶኪዮ ይሁን ፒትስበርግ ግድ ሳይሰጠው።